ወረቀቱን ያተረፈው ዝምድና፦ የመጋቢ ቶማስ ቤይዝና የቤተሰቡ የጉዳይ ጥናት

ቶማስ ቤይዝ በዲሴምበር 1760 ኑዛዜውን ሲያሰፍር ገንዘብ ከተወላቸው ሰዎች መካከል ሁለት ሰባኪዎች ይገኙበታል። አንደኛው ሪቻርድ ፕራይስ ነው። ኑዛዜው ስለ ፕራይስ ሲናገር፣ አሁን በኒውኢንግተን ግሪን ሰባኪ ሳይሆን እንደማይቀር በግምት ነው የሚጠቅሰው። ሰው የቅርብ ወዳጁ የት እንደሚያገለግል አይገምትም። ሁለቱ ይተዋወቁና ይከባበሩ ነበር፤ ቤት ለቤት የሚገባቡ ግን አይመስሉም። ሆኖም ቤይዝ ከ4 ወር ገደማ በኋላ ሲሞት ዘመዶቹ የተወውን ወረቀት እንዲያይላቸው የጠየቁት ይህንኑ ሰው ነው። ከወረቀቱ መሀል የወጣው አንድ ድርሰት ዛሬ ሐኪሞች የምርመራ ውጤትን ለመመዘን፣ ኮምፒውተሮች አይፈለጌ ኢሜይልን ከደህናው ለመለየት የሚጠቀሙበት የቤይዝ ቀመር መነሻ ሆነ።

እዚህ የምንከተለው ጥያቄ አንድ ነው። በሕይወቱ ሳለ በስሙ አንድም የሒሳብ ሥራ ያላሳተመ የአንዲት ትንሽ ከተማ መጋቢ የጻፈው ነገር እንዴት ሳይጠፋ ቀረ? እኛ የምንለው፣ ወረቀቱን ያተረፈው የደራሲው ዝና ሳይሆን የተወለደበት ቤትና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ዝምድና ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሸፊልድ እስከ ለንደን

የቤይዝ ቤተሰብ መነሻው በሰሜን እንግሊዝ ያለችው ሸፊልድ ናት። ከተማዋ የቢላና የመቀስ አገር ነበረች፤ የቤይዝ ዘመዶችም ሥራቸው ይኸው የቢላ ሙያ ነበር። የቤተሰቡን ዕጣ የለወጠው ግን በ1662 የወጣው ሕግ ነው። ፓርላማው ማንኛውም አገልጋይ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ላለው ሁሉ ሙሉ ስምምነቱን በአደባባይ እንዲያውጅና ሹመቱንም ከጳጳስ እንዲቀበል አዘዘ። የመጨረሻው ቀን ኦገስት 24፣ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት ነበር። በዚያን ጊዜ ግድም 2,000 የሚያህሉ አገልጋዮች ከደብራቸውና ከደመወዛቸው ተባረሩ። ከተባረሩት አንዱ ሳሙኤል ቤይዝ፣ የቶማስ አባት አጎት ነው።

ከተባረሩት ብዙዎቹ ፕሬስቢቴሪያን ነበሩ። ቃሉ ለአገራችን አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1919 ደምቢ ዶሎ ከገባው የአሜሪካ ሚሲዮን የወጣችውና በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ሐረግ ናት። ፕሬስቢቴሪያን ማለት በጳጳስ ፈንታ በሽማግሌዎች የምትተዳደር ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በስኮትላንድ የመንግሥት ሃይማኖት እሷ ነበረች፤ ድንበሩን ተሻግሮ እንግሊዝ ውስጥ ግን ፕሬስቢቴሪያን መሆን ከመንግሥት ሥራና ከዩኒቨርሲቲ የሚያስወጣ ነገር ነበር። ይህን ልዩነት ያልያዘ አንባቢ የቶማስን ሕይወት አይረዳውም።

የቶማስ አባት ጆሹዋ በ1671 ተወለደ። ኦክስፎርድም ካምብሪጅም ስለተዘጉበት የተማረው በሰሜን እንግሊዝ ሪቻርድ ፍራንክላንድ በሚያስተምርበት የግል አካዳሚ ነው። በ1689 የወጣው የመቻቻል ሕግ እነዚህ ሰዎች ጸሎት ቤታቸውን አስመዝግበው በይፋ እንዲያመልኩ ፈቀደላቸው። ፍርሃቱ ግን በአንድ ቀን አልለቀቀም። ጁን 22 ቀን 1694 ለንደን ውስጥ ከ1662 ወዲህ የመጀመሪያው የአደባባይ ሹመት ሲካሄድ፣ ትልልቆቹ ሰባኪዎች ጆን ሃውና ዊልያም ቤትስ መንግሥትን እንዳያስቆጡ ሰግተው ሥነ ሥርዓቱን አንመራም አሉ። የተሾሙት 7 ወጣቶች ነበሩ። ሥነ ሥርዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፈ። ከሰባቱ አንዱ ጆሹዋ ቤይዝ ነው።

ጆሹዋ ለብዙ ዓመታት በእሑድ ሁለት ቦታ ሰበከ፤ ጠዋት ከቴምዝ ወንዝ ማዶ በሳውዝዋርክ፣ ከሰዓት በኋላ በሌዘር ሌን ጸሎት ቤት። በ1723 የሌዘር ሌን ዋና አገልጋይ ሆነ። ማቴዎስ ሄንሪ የሚባለው ታዋቂ ተርጓሚ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያውን ሳይጨርስ በ1714 ሲሞት፣ የቀረውን መልእክታቱን ተከፋፍለው ከጨረሱት ባልንጀሮቹ አንዱ ጆሹዋ ነበር፤ የገላትያን ክፍል የጻፈው እሱ ነው። የሟች ሰው ያላለቀ ወረቀት ወስዶ መጨረስ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ግዴታ እንደነበር ልብ በሉ። ከ50 ዓመት በኋላ ለልጁም የሆነው ይኸው ነው።

ጆሹዋና ሚስቱ አን ካርፔንተር 7 ልጆች አሳደጉ፤ ቶማስ የበኩር ልጃቸው ነው። ወንድሙ ጆን ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ግን በ1743 ከአባቱ ቀድሞ ሞተ። ሳሙኤል የበፍታ ጨርቅ ነጋዴ፣ ናትናኤል የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ሆኑ። አን የጨርቅ ነጋዴ፣ ርብቃ ደግሞ ቶማስ ኮተን የሚባል ሕግ አዋቂ አገቡ። ሜሪ አላገባችም። የመንግሥት ሹመት የተከለከለ ማኅበረሰብ ልጆቹን ወዴት እንደሚልክ ከዚህ ዝርዝር በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ወደ ሱቅ፣ ወደ ሕግና ወደ ስብከት ነው። ገንዘቡም ከዚያ መጣ። ቶማስ ባለጸጋ ባይባልም እንጀራ ፍለጋ የሚሯሯጥ መጋቢ አልነበረም፤ ለሒሳብ ጊዜ የሰጠው ይህ ነው።

ኤድንብራ

ቶማስ በ1719 ስሙ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ይታያል። ለንደን ተቀምጦ በቅርቡ ያሉትን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ ስኮትላንድ ድረስ የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኦክስፎርድ ሲመዘገቡ፣ ካምብሪጅ ደግሞ ሲመረቁ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እምነት መፈረም ግዴታ ነበር። ኤድንብራ ሎጂክና ሥነ መለኮት ተማረ፤ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት እንዲጠቀም የመሰከረለት የሒሳብ መምህሩ ጄምስ ግሪጎሪ ነው። ዲግሪ ሳይወስድ በ1722 ግድም ተመለሰ። ያኔ ለአገልግሎት የሚዘጋጅ ተማሪ ዲግሪ አለመውሰዱ የሚያሳፍር አልነበረም።

እሱ ኤድንብራ በገባበት በዚያው በ1719 የለንደን አገልጋዮች በሳልተርስ ሆል ተሰብስበው ከባድ ክርክር አደረጉ። አገልጋይ ሁሉ በሥላሴ ማመኑን በፊርማ ያረጋግጥ ወይስ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይበቃል? አናስፈርምም ያሉት 57 ለ53 አሸነፉ። የእንግሊዝ ፕሬስቢቴሪያኖች ከዚያ ወዲህ ሰውን በፊርማ ማስገደድን እየተዉ ሄዱ፤ ቶማስም ፕራይስም ያደጉት በዚህ መንፈስ ነው። ማስረጃው ምን ያህል ያስኬዳል ብሎ መጠየቅ ለእነሱ የመድረክ ጥያቄ ጭምር ነበር።

የማዕድን ውሃ ከተማው መጋቢ

ቶማስ በ1720ዎቹ መጨረሻ በሌዘር ሌን የአባቱ ረዳት ሆኖ ሠራ። በ1730ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን በስተ ደቡብ ምሥራቅ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ተንብሪጅ ዌልስ ሄዶ በማውንት ሳዮን ጸሎት ቤት ማገልገል ጀመረ። ከተማዋ ብረት ያለበት የምንጭ ውሃ አላት። በጋ ሲሆን የለንደን ሀብታሞች ለጤናም ለጨዋታም ይጎርፉባታል፤ ክረምት ሲገባ ጭር ትላለች። ስለዚህ መጋቢው በጋውን ከተማረ እንግዳ ጋር ሲወያይ፣ ክረምቱን ከመጻሕፍቱ ጋር ያሳልፋል ማለት ነው።

ቤቱን ለአንድ ጠዋት ገብተን የምናይበት ማስረጃ አለ። በካምብሪጅ የኒውተንን ወንበር የወረሰውና በሃይማኖት አቋሙ የተባረረው ዊልያም ዊስተን፣ እሑድ ኦገስት 24 ቀን 1746 ተንብሪጅ ዌልስ ውስጥ ከቤይዝ ቤት ቁርስ መብላቱን ጽፏል። አስተናጋጁን ሲገልጸው ጎበዝ የሒሳብ ሰው ይለዋል። በዚያ ቁርስ ላይ ዊስተን ስለ ሥላሴ የሚያውጀውን የአትናቴዎስን የሃይማኖት መግለጫ መስማት ስለመረረው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ለመተው መወሰኑን ነገረው። ዕለቱ የበርተሎሜዎስ ቀን ነው፤ የቤይዝ ዘመድ ከደብሩ ከተባረረ ልክ 84 ዓመት። ዊስተን ቀኑን በስሙ ጠርቶ ማስፈሩ ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ በዚያ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። አባትየው ጆሹዋ የሞተው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ ስለነበር ቤቱ ገና ከሐዘን አልወጣም።

ቤይዝ ሁለት ሥራዎችን ስሙን ሳይጽፍ አሳትሟል። የ1731ዱ፣ የእግዚአብሔር ዋና ዓላማ የፍጥረታቱ ደስታ ነው ብሎ የሚከራከር ሥነ መለኮት ነው። የ1736ቱ የኒውተንን ካልኩለስ፣ ማለትም የለውጥን ፍጥነት የሚያሰላውን የሒሳብ ዘርፍ ይከላከላል። ጳጳሱ ጆርጅ በርክሊ በ1734 የካልኩለስ ሰዎችን፣ አንድን መጠን አንዴ አለ አንዴ የለም እያሉ ይሠሩበታል ብሎ አፋጧቸው ነበር። ቤይዝ የክርክሩን የሃይማኖት ክፍል ለብቻው ትቶ ቃላቱን አንድ በአንድ በመተርጎም መለሰ። ኖቬምበር 4 ቀን 1742 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ ደጋፊዎቹ ኧርል ስታንሆፕን፣ ማርቲን ፎክስንና ጆን ኢምስን ይጨምራሉ። ኢምስ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጪ ያሉት ሰዎች አካዳሚ መምህር ነበር፤ እዚህም የቤተ ክርስቲያኑ ዝምድና አለበት።

በ1752 አገልግሎቱን ለተተኪ አስረክቦ እዚያው ተንብሪጅ ዌልስ ተቀመጠ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ኤፕሪል 7 ቀን 1761 ሞተ።

ወረቀቱ ውስጥ የነበረው

ፕራይስ ካገኛቸው ጽሑፎች አንዱ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ዛሬም ለሒሳብ ተማሪ ያስደስታል። ትልልቅ ፋክቶሪያሎችን (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉት ሁሉ ሲባዙ የሚገኘውን) ለማስላት የሚያገለግለው የስተርሊንግ ተከታታይ መቼም ወደ አንድ ቁጥር አይሰበሰብም ይላል። አባዦቹን በተርታ ተመልከቱ፦ 1/12፣ 1/360፣ 1/1260፣ 1/1680፣ ከዚያ 1/1188፣ ከዚያ 691/360360። መጀመሪያ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ከአራተኛው በኋላ ማደግ ይጀምራሉ፤ እየቆዩም የትኛውንም የመነሻ ቁጥር ርቢ ይበልጣሉ። መፍትሔው ጥቂቶቹን የመጀመሪያ ቁጥሮች ወስዶ ማቆም ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ይህን ሳያዩ አልፈውት ነበር።

ዋናው ድርሰት የጠየቀው ሌላ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ዕድሉ ከታወቀ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሰሉ ነበር። ቤይዝ ጥያቄውን ገለበጠው። አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደሆነና ስንት ጊዜ እንዳልሆነ ብቻ አውቀን፣ ዕድሉ እኛ በመረጥናቸው በሁለት ወሰኖች መካከል የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው?

ምሳሌው እንዲህ ነው። ፍጹም የተስተካከለ ባለ አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ላይ አንድ ኳስ ይጣላል፤ የትኛውም ቦታ ላይ የመቆም ዕድሉ እኩል ነው። በቆመበት በኩል መስመር ይሰመራል። ከዚያ ሁለተኛ ኳስ ደጋግሞ ይጣልና ስንት ጊዜ ከመስመሩ ወዲህ፣ ስንት ጊዜ ከመስመሩ ወዲያ እንደቆመ ይቆጠራል። መስመሩን ያላየ ሰው ከቆጠራው ብቻ ተነሥቶ መስመሩ የት እንዳለ ይገምታል። ብዙ ጸሐፊዎች ጠረጴዛውን የቢሊያርድ ጠረጴዛ ይሉታል። ድርሰቱ ጠረጴዛ ነው የሚለው፤ ቢሊያርድ የሚል ቃል የለውም።

ፕራይስ ባከለው ክፍል ያለውን የሎተሪ ስሌት እንሥራው። ሎተሪው ውስጥ ያሉት የባዶና የአሸናፊ ዕጣዎች መጠን አይታወቅም። 11 ዕጣ ወጣ፤ 10 ባዶ፣ 1 አሸናፊ። እውነተኛው መጠን ከ9 ለ1 እስከ 11 ለ1 ባለው ውስጥ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? የባዶ ዕጣን ዕድል ፐ እንበለው፤ ወሰኖቹ 9/10 እና 11/12 ይሆናሉ። ከመነሻው ሁሉም መጠን እኩል ከሆነ፣ እስከ ፐ ድረስ ያለው ድምር 12 ሲባዛ የፐ 11ኛ ርቢ፣ ሲቀነስ 11 ሲባዛ የፐ 12ኛ ርቢ ነው። በ11/12 ሲሰላ 0.7360፣ በ9/10 ሲሰላ 0.6590 ይሰጣል። ልዩነቱ 0.0770 ነው። 10 ለ1 ከወጣ መጠኑ 10 ለ1 አካባቢ ነው ብሎ በቀጥታ የሚደመድም ሰው 12 ለ1 በሚጠጋ ዕድል ይሳሳታል። ውጤቱ በእጥፍ አድጎ 20 ባዶና 2 አሸናፊ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ከ0.109 አያልፍም። ጥቂት ናሙና ይዞ የሚቸኩል ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ድርሰቱ ድካም አለበት። ቁጥሮቹ ትንሽ ሲሆኑ ስሌቱ በእጅ ይሠራል፤ በመቶዎች ሲገቡ ግን አይቻልም። ቤይዝ ለዚህ ግምታዊ ሕጎች አወጣ፤ ወሰኖቻቸው ሰፊ ስለነበሩ ለሥራ አልመቹም። ፕራይስ በቀጣዩ ቅጽ ማሻሻያ ጨምሮ አሳተመ። ጉዳዩን በሰፊው ያራመደው ግን ከ1774 ጀምሮ ለብቻው ወደዚሁ ሐሳብ የደረሰው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ነው።

ለእኛ የሚቆጨን ሌላ ጉድለት ነው። ቤይዝ ለድርሰቱ መግቢያ ጽፎ ነበር። ፕራይስ በኖቬምበር 10 ቀን 1763 ለሮያል ሶሳይቲ አባሉ ለጆን ካንተን በላከው ደብዳቤ ይዘቱን በራሱ አገላለጽ አሳጥሮ ተረከው እንጂ ራሱን መግቢያውን አላተመውም። ቤይዝ ችግሩን ለምን እንዳነሣው በራሱ ቃል የምንሰማበት ዕድል በዚህ አመለጠን። ድርሰቱ ዲሴምበር 23 ቀን 1763 በሮያል ሶሳይቲ ተነበበ፤ ደራሲው ከሞተ 2 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ማለት ነው።

ፕራይስ ይህን ያህል የደከመው ለሒሳብ ፍቅር ብቻ አይደለም። እሱም መጋቢ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1748 ተአምርን የሚመሰክር ቃል ሊታመን አይችልም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ፕራይስ በ1767 ሲመልስለት ይህንኑ ስሌት ተጠቀመ። አንድ ነገር ሚሊዮን ጊዜ ሳይለወጥ ታየ ማለት ፈጽሞ አይለወጥም ማለት አይደለም የሚል ነው ክርክሩ። በኋላ ፕራይስ በ1762 የተቋቋመው የኤኩዊተብል የሕይወት መድን ማኅበር አማካሪ ሆነ፤ የእህቱ ልጅ ዊልያም ሞርጋን ደግሞ በ1775 የማኅበሩ የመድን ሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ተሾመ። የቤይዝ የእጅ ጽሑፍ ያለበት፣ ከፊሉ በአጭር ጽሕፈት የተሞላ ማስታወሻ ደብተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተገኘው በዚሁ መድን ድርጅት መዝገብ ቤት ነው። ከሟች ዘመዶች ወደ ፕራይስ፣ ከፕራይስ ወደ እህቱ ልጅ፣ ከእህቱ ልጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ፤ የደብተሩ መንገድ ይህ መሆኑ አያስገርምም።

የተወለደበት ቀንና ፊቱ

የቤይዝን የልደት ዓመት አንዱ 1701፣ ሌላው 1702 ይላል። ምንጩ መቃብሩ ላይ ያለው «59 ዓመቱ» የሚል ጽሑፍ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 1761 ላይ 59 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደው ከኤፕሪል 1701 እስከ ኤፕሪል 1702 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የምትጀምረው ማርች 25 ነበር፤ በዚያው ዓመት አቆጣጠር ስትቀይር ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። በፌብሩዋሪ የተወለደ ሕፃን በአሮጌው ቆጠራ 1701፣ በአዲሱ 1702 ይባላል። መስከረም ላይ ዓመት የምንለውጥ እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ቀን ስታመሳክሩ ሰነዱ በየትኛው ቆጠራ እንደተጻፈ ሳታረጋግጡ አትቀንሱ፣ አትደምሩ።

በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየው ፎቶ መሰል ሥዕሉም አያስተማምንም። የወጣው በ1936 በታተመ የሕይወት መድን ታሪክ መጽሐፍ ላይ ነው። ሰውየው ሰው ሠራሽ ጠጉር አላደረገም፤ ልብሱም ከቤይዝ ዘመን አገልጋዮች ልብስ ጋር አይሄድም። የአባቱ ሥዕል ከዚያው ማኅበረሰብ ተጠብቆ ስላለ አለባበሱን ማነጻጸር ይቻላል፤ ልዩነቱም ጎልቶ ይታያል።

እርግጠኛ የሆነው መቃብሩ ነው። ቤይዝ የተቀበረው ለንደን ውስጥ በበንሂል ፊልድስ፣ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሆኑ ሰዎች በሚቀበሩበት ሜዳ ነው። ለብቻው አልተቀበረም፤ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሞቹና የኮተን ቤተሰብ አብረውት በአንድ መቃብር ውስጥ ናቸው። ፕራይስም በ1791 ሲሞት የተቀበረው እዚያው ሜዳ ነው። የቤይዝ ቤተሰብ መቃብር በ1969 ታድሷል። በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ቶማስ ቤይዝ በዕድል ስሌት ላይ ለሠራው ሥራ መታሰቢያ እንዲሆን በመላው ዓለም ያሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ባዋጡት ገንዘብ መታደሱን ይናገራል።